መሳቢያዬ ውስጥ አሞክሳሲሊን እያለ የወሰድኩት የአንቲባዮቲክ ኮርስ

የሦስተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ሰሞኑን ለነርሲንግ ተማሪዎች ተብሎ የተዘጋጀ የስድስት ሳምንት የኦንላይን ኮርስ ጨረስኩ፤ ስለ አንቲባዮቲክ አጠቃቀምና ስለ መድኃኒት መላመድ የሚያስተምር። የአዘጋጆቹን ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም ኋላ ላይ ትንሽ ልነጫነጭ ነው። የተመዘገብኩት ለእውቀት ብዬ እንዳይመስላችሁ፣ ለሰርተፊኬቱ ነው። ፋርማኮሎጂ ላይ ጥሩ ውጤት ነበረኝ፤ ስለ አንቲባዮቲክ ደግሞ ሌላ ምን ሊነግሩኝ ነው ብዬ ነበር። በዚያው ሰዓት መሳቢያዬ ውስጥ አራት ፍሬ የቀረችው አሞክሳሲሊን ተቀምጣለች። ጉሮሮዬን ሲያመኝ በራሴ የጀመርኳት፣ በሦስተኛው ቀን ሲሻለኝ ደግሞ "ለሌላ ጊዜ ትሆነኛለች" ብዬ ያስቀረኋት። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ኮርሱ በመግቢያ ፈተና ይጀምራል። "መድኃኒቱን የሚላመደው ማነው?" ይላል አንደኛው ጥያቄ፦ ሰውነታችን ወይስ ባክቴሪያው? ከእኔ ጋር የተመዘገቡ ጓደኞቼ ግማሾቹ "ሰውነታችን" ብለው መልሰዋል። ሲሰማ እኮ ያሳምናል፣ "ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል" ሲባል ስንቴ ሰምተናል። ግን የሚላመደው ጀርሙ ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ሰውነቴ ነው የለመደው ያለ ሰው ጉዳዩን የራሱ ብቻ ያደርገዋል፤ ጀርሙ ነው ካልን ግን ያ ጀርም በእጄ ተሸካሚነት ጎን አልጋ ላይ ወዳለው ሰው ሊሄድ ይችላል ማለት ነው፣ አንቲባዮቲክ በሕይወቱ ቀምሶ ወደማያውቅ ሰው ሳይቀር።

ያንን በትክክል መለስኩ። የወደቅኩት ጉንፋኑ ላይ ነው። "ንፍጡ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል" የሚለውን ትክክል ብዬ ነካሁት። ለካስ አረንጓዴውን ቀለም የሚሰጠው ራሱ ለመከላከል የወጣው ነጭ የደም ሴል ውስጥ ያለ ኢንዛይም ነው፣ በቫይረስ ጉንፋንም ይመጣል። ሦስት ዓመት ተምሬ!

ከዚያ ፈተናው ገጽ ገለበጠና ስለ እውቀት መጠየቁን ተወ። ባለፉት 12 ወራት ያለ ማዘዣ ወስደሻል? የተረፈ አስቀምጠሻል? ለሌላ ሰው ሰጥተሻል? ሦስቱንም "አዎ"። የእውቀት ውጤቴ ከመቶ 80፣ ከሥሩ ደግሞ ሦስት አዎ ተደርድረው። ምንም አስተያየት አልጻፉበትም፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ዝም አሉ። ከስድስቱ ሳምንት ይቺ አንድ ገጽ ትበልጥብኛለች። በጤና ተማሪዎች ላይ በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶችም ይሄንኑ ደጋግመው ያገኙታል፤ የሚያውቀውና የሚያደርገው የማይገናኝለት ተማሪ። እኔ ግን ጥናት ማንበብ አላስፈለገኝም፣ መሳቢያዬን መክፈት ይበቃ ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት ታሪክ ነው። ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ፔኒሲሊንን ማግኘቱን ሁላችንም ከሃይስኩል ይዘነው መጥተናል። እኔ ያልሰማሁት ሰውየው በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር ላይ መጠኑን አሳንሶ መውሰድ ጀርሙን እንደሚያስለምደው ማስጠንቀቁን ነው። ገና ከመነሻው! እንዲያውም ፔኒሲሊንን የሚሰባብረው የባክቴሪያ ኢንዛይም የተገለጸው በ1940 ነው፣ መድኃኒቱ ለሕዝብ በሰፊው ሳይዳረስ በፊት። ሜቲሲሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ደግሞ በ1959 ሥራ ጀመረ፣ በ1961 የማይበግረው ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ተመዘገበ። ሁለት ዓመት። እኛ እኮ አንድ መድኃኒት እስክንሸመድድ ከዚያ በላይ ይፈጅብናል።

እዚህ ላይ አንድ አሪፍ ቪዲዮ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ያሳዩት ሙከራ ነው። ትልቅ የማብቀያ ሳህን ላይ አንቲባዮቲክ በመስመር በመስመር አድርገውበታል፤ ዳርና ዳሩ ላይ ምንም የለም፣ ወደ መሀል በተጠጋ ቁጥር መጠኑ በአሥር እጥፍ በአሥር እጥፍ እየጨመረ ይሄዳል። ባክቴሪያው ድንበሩ ላይ ደርሶ ይቆማል። ቀጥ ይላል። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ትንሽዬ ነጥብ ታልፍና እንደ ማራገቢያ ትዘረጋለች። እንደገና ድንበር፣ እንደገና ነጥብ። ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ መሀል ላይ ይገናኛሉ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት። አስተማሪው ከቪዲዮው በኋላ የደረደረውን 12 ስላይድ ግን ማየት ባይኖርብኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሁለተኛው ሳምንት በግልጽ ልናገር፣ አሰልቺ ነው። ባክቴሪያ እንዴት እንደሚላመድ ያስረዳል፦ መድኃኒቱን ይሰባብራል፣ እንደ ፓምፕ ወደ ውጭ ይተፋዋል፣ በሩን ያጠባል፣ መድኃኒቱ የሚይዝበትን ቦታ ቅርጹን ይቀይራል። አልቋል፣ ይሄን ያህል ነው። እነሱ ግን በሰንጠረዥ ላይ ሰንጠረዥ እየደራረቡ አንድ ሳምንት ሙሉ አስኬዱት። ከውስጡ የጠቀመኝ ስለ ፕላዝሚድ ያለው ክፍል ነው። ፕላዝሚድ ትንሽ ክብ ዲኤንኤ ናት፣ አንዱ ባክቴሪያ ለሌላው የሚያቀብላት፤ ለልጁ ብቻ አይደለም፣ ዘሩ ላልሆነውም ጭምር። በ2015 ይፋ የሆነውን የኮሊስቲን ጉዳይ እንደ ምሳሌ አንስተውታል። ኮሊስቲን ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል የሚወጣ መድኃኒት ነው፤ ባክቴሪያው እሱን እንዲቋቋም የሚያስችለው ጂን በፕላዝሚድ ላይ ተጭኖ ሲዞር ቻይና ውስጥ ተገኘ፣ ከእንስሳትም ከታካሚዎችም። ዋርድ ላይ ጓንት ሳልቀይር ከአልጋ ወደ አልጋ የሄድኩባቸው ቀናት ትዝ አሉኝና ገጹን ዘጋሁት።

ቁጥሩንም ነግረውናል። በ2019 በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ሰው በቀጥታ መድኃኒት በተላመደ ባክቴሪያ ምክንያት ሞቷል ተብሎ ይገመታል፤ ከዚሁ ጋር ተያይዞ የሞተው ደግሞ 4.95 ሚሊዮን። ቁጥሩን ጥለውት አለፉ፣ "በቀጥታ" እና "ተያይዞ" የሚባሉት በምን እንደሚለያዩ እንኳ አላብራሩም። እኔ እንደገባኝ የመጀመሪያው ጀርሙ በመድኃኒት የሚሞት ቢሆን ኖሮ ይተርፉ የነበሩትን ነው፤ ሁለተኛው የተላመደ ጀርም ያለበት ኢንፌክሽን ይዟቸው የሞቱትን ሁሉ። ይሄን ለማስረዳት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ኮርሱ ነፍስ ይዘራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 አንቲባዮቲኮችን በሦስት መደብ ከፍሏቸዋል፦ አክሰስ፣ ዋች እና ሪዘርቭ። አክሰስ መጀመሪያ የሚሞከሩት ናቸው፤ ዋች ቶሎ የማስለመድ ጠባይ ስላላቸው በጥንቃቄ የሚያዙት፤ ሪዘርቭ ለክፉ ቀን የሚቀመጡት። አሞክሳሲሊንና ጄንታማይሲን አክሰስ ውስጥ አሉ፣ እሺ። ሴፍትሪያክሶን የት ያለ ይመስላችኋል? ዋች። ሲፕሮፍሎክሳሲንም፣ አዚትሮማይሲንም። እኔ አታችመንት (የሆስፒታል ልምምድ) በወጣሁበት ዋርድ ሴፍትሪያክሶን እኮ የበሽተኛው ስም ያህል የተለመደ ነው፣ ቻርት ላይ ከሌለ የተረሳ ነው የሚመስለው። በ2024 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ አባል አገሮች በ2030 ሰው ከሚጠቀመው አንቲባዮቲክ ቢያንስ 70 በመቶው ከአክሰስ እንዲሆን ተስማምተዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ "ጠንከር ያለ መድኃኒት ይሻላል" የሚለው አስተሳሰብ እኔም ውስጥ ነበር። ጠንካራ ማለት ብዙ ዓይነት ጀርም የሚገድል ማለት ከሆነ፣ አንጀት ውስጥ በሰላም የሚኖረውንም አብሮ ይጠርጋል ማለት ነው። ቦታው ሲለቀቅለት ክሎስትሪዲዮይዲስ ዲፊሲሌ የሚባል ባክቴሪያ ይገባና በሽተኛው በተቅማጥ ይሰቃያል። ይቺን ጀርም በአልኮል ጄል አሻሽቼ አጠፋኋት እንዳትሉ ደግሞ፣ ስፖሯን (በጠንካራ ቅርፊት ተሸፍኖ የሚያንቀላፋውን መልኳን) አልኮል አይገድለውም፣ ሳሙናና ውሃ ነው።

አራተኛው ሳምንት ስለ ነርስ እጅ ነው፣ ለዚህ ብቻ ኮርሱን ውሰዱ እላለሁ። እኛ አናዝም፤ ስለዚህ ጉዳዩ የሐኪምና የፋርማሲ ነው ብለን ቁጭ ብለናል። ግን ካልቸሩን (ጀርሙን ለመለየት ላቦራቶሪ ውስጥ የሚበቅለውን ናሙና) የሚወስደው ማነው? ደም ለካልቸር ከመጀመሪያው ዶዝ በፊት መወሰድ አለበት፤ ከአዋቂ በአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር፣ ያውም ቆዳው በደንብ ከጸዳ በኋላ። ሦስት ሚሊ ቀድተን ልከን "ምንም አልበቀለም" የሚል ውጤት ሲመጣ ሐኪሙ በጭፍን ይቀጥላል፣ ወይም ሌላ ይጨምራል። ቆዳው ሳይጸዳ ከተወሰደ ደግሞ የቆዳ ጀርም ይበቅልና ለሌለ በሽታ ቫንኮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። በአንጻሩ ሴፕቲክ ሾክ ላይ ያለን (በኢንፌክሽን ምክንያት የደም ግፊቱ የወደቀን) ሰው ካልቸር ልውሰድ እያሉ ማዘግየት የለም፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ሁለቱን አጣጥሞ መሥራት የማን ሥራ ሆነና!

ሰዓቱስ? አምፒሲሊን "በየ6 ሰዓቱ" ሲባል እኔ "በቀን አራት ጊዜ" ብዬ ነበር የምተረጉመው፣ ሲመቸኝ ማለት ነው። ከደም ውስጥ በአንድ ሰዓት አካባቢ ግማሹ ይወጣል። ይሄ መድኃኒት የሚሠራው መጠኑ ከጀርሙ አቅም በላይ ሆኖ በቆየበት ሰዓት ልክ ስለሆነ፣ የሌሊቱን ዶዝ እስኪነጋ ማሳደር ለባክቴሪያው እረፍት መስጠት ነው። ጄንታማይሲን በተቃራኒው አንዴ ከፍ ብሎ መምታት ይፈልጋል፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ቫንኮማይሲን ደግሞ መሮጥ አይወድም፤ አንዱ ግራም ቢያንስ 60 ደቂቃ ይፈልጋል፣ ካጣደፋችሁት በሽተኛው ፊቱና አንገቱ ቀልቶ በማሳከክ ይነሳባችኋል፣ ከዚያ የፍጥነቱ ጣጣ ሆኖ ሳለ ቻርቱ ላይ "አለርጂ" ተብሎ ይጻፍና ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል።

አለርጂ ካነሳን አይቀር፣ ከመቶ ታካሚ አሥሩ ገደማ "ፔኒሲሊን አይስማማኝም" ይላል፤ ሲመረመሩ ግን ከአሥሩ ዘጠኙ ምንም አይሆኑም። በልጅነታቸው ሽፍታ ወጥቶባቸው ነበር፣ ወይ ሆዳቸውን አሟቸው ነበር። እኛ "አለርጂ አለብዎት?" ብለን ጠይቀን "አዎ" ሲሉ በቀይ እስክሪብቶ ጽፈን እናልፋለን። "ያኔ ምን ሆነው ነበር? ስንት ጊዜ ሆነው?" ብሎ ሁለት ጥያቄ መጨመር ሰውየውን ወደ ዋች መድኃኒት ከመገፋት ያድነዋል። ይሄን ማንም ክፍል ውስጥ አላስተማረኝም።

በጣም ያስደነገጠኝ ግን መድኃኒቱን ወደ ደም ሥር የሚያደርሰው የድሪፕ ቱቦ ነው። በ50 ሚሊ ከረጢት አንቲባዮቲክ ሰቅለን ከረጢቱ ሲያልቅ እንነቅላለን። ቱቦው ውስጥ 15 ሚሊ ቢቀር ከዶዙ ሲሶ ያህሉ ቆሻሻ መጣያ ገባ ማለት ነው። ቻርቱ ላይ "ተሰጥቷል" ተብሎ ተፈርሟል። ፍሌሚንግ በ1945 ያስጠነቀቀውን ነገር በገዛ ፊርማዬ ስሠራው ከርሜያለሁ። መፍትሔው ቱቦውን በሚስማማ ፈሳሽ ማጠብ ብቻ ነው። በበነጋታው ዋርድ ገብቼ መጀመሪያ ያየሁት የቱቦዎቹን ሆድ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። አምስተኛው ሳምንት "የነርሷ ሚና በቡድን ውስጥ" ይላል። እዚያ ላይ ስለ መድኃኒት ጥርጣሬ ካለሽ "ስጋትሽን ለሐኪሙ አሳውቂ" የሚል አንድ መስመር አለ። አንድ መስመር! በዚያው ሳምንት አታችመንት ላይ የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንድ ታካሚ አለ፣ ትኩሳቱ ከጠፋ ቆይቷል፣ በአፉ ይበላል ይጠጣል፣ በየቀኑ ግን ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) እየተቀየረለት ሴፍትሪያክሶን በደም ሥር ይወስዳል። ቻርቱን ቆጠርኩ፣ ዘጠነኛ ቀኑ። ማብቂያ ቀን አልተጻፈም። ኮርሱ እንደነገረኝ ወደ ክኒን የሚቀየርበት ወይም የሚቆምበት ጊዜ ነው። ሐኪሙ አጠገብ ቆሜ ነበር፣ ራውንድ ላይ (ሐኪሞቹ በሽተኞቹን እየዞሩ ሲያዩ)፣ ከስምንት ሰው ኋላ። አፌ አልተከፈተም። ተማሪ ነኛ! "አንቺ ማነሽ?" ቢሉኝስ?

ራውንዱ ካለቀ በኋላ የዋርዱን ነርስ "ሲስተር፣ ይሄ ሰውዬ መድኃኒቱ እስከ መቼ ነው?" አልኳት።

"ለምን ጠየቅሽ?"

"ዘጠነኛ ቀኑ ነው፣ ትኩሳትም የለውም፣ እየበላም ነው።"

ቻርቱን ተቀብላኝ አየችው፣ ገለበጠችው፣ "እውነትሽን ነው፣ ማንም አላየውም" አለች። በነጋታው ጠዋት እሷ ጠየቀች። ቆመ። ካኑላውም ወጣለት፣ ሰውየው ከሁሉ በላይ የተደሰተው በዚያ ነው። እኔ ጀግና አይደለሁም፣ የጠየቀችው እሷ ናት። ግን ለዚያች አንድ ጥያቄ አንድ ቀን ሙሉ ነው የፈጀብኝ፤ ሰውየውም አንድ ቀን ትርፍ መድኃኒት ወሰደ። ኮርሱ ፕላዝሚድን ለማስረዳት አንድ ሳምንት ከሰጠ፣ አንድ ተማሪ አፏን እንዴት እንደምትከፍት ለማለማመድ አንድ ሰዓት ቢሰጥ ምን ነበረበት? ምን ብዬ ልጀምር? ለማን? ራውንድ ላይ ነው ወይስ ከራውንድ በኋላ? ሁለት ሁለት ሆነን ብንለማመደው እንኳ ይበቃ ነበር።

ሌላው ቅሬታዬ "ጨርሱ" የምትለዋ ቃል ናት። የመጨረሻው ፈተና 17ኛ ጥያቄ፦ "ማንኛውም አንቲባዮቲክ ቢሻልም ባይሻልም ምንጊዜም ታዝዞ የነበረው ሁሉ ማለቅ አለበት፣ አለበለዚያ ጀርሙ ይላመዳል። እውነት/ሐሰት"። ሐሰት አልኩ። ተሳስተሻል አለኝ። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው፦ በሽተኛ በራሱ ጊዜ ማቋረጥ የለበትም፣ በዚህ ማንም አይከራከርም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትማ ወራቱን ሙሉ ካልተወሰደ ጉድ ነው የሚመጣው። ግን ለብዙ የተለመዱ ኢንፌክሽኖች አጭር ቀን ከረጅሙ እኩል እንደሚያድን በጥናት ታይቷል፣ በሳምንት ፋንታ አምስት ቀን የሚበቃቸው አሉ። ከሚያስፈልገው በላይ የሚወሰድ እያንዳንዱ ቀን ደግሞ አንጀትና ቆዳችን ላይ ያሉትን ባክቴሪያዎች ማሰልጠኛ ነው። በ2017 የብሪትሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ ጽሑፍ ይቺን "ጨርሱ" የምትል መልእክት በቀጥታ ሞግቷታል። የራሱ የኮርሱ አራተኛ ሳምንት እኮ መድኃኒት በጊዜው መቆም አለበት እያለ አስተምሮኛል! ፈተናውን የጻፈው ሰው ትምህርቱን አልወሰደም መሰለኝ።

ለአዋቂ ታካሚ ምን ልበለው ታዲያ? እኔ አሁን የምለው "ሐኪሙ እስካለው ቀን ድረስ ውሰድ፣ ቀድሞ ከተሻለህ ወይም ካልተስማማህ ከማቆምህ በፊት ደውል" ነው። ያቺን አሞክሳሲሊን ያቋረጥኩ ጊዜ የእኔ ጥፋት በሦስተኛው ቀን ማቆሜ ብቻ አልነበረም። መጀመሪያውኑ ማን አዘዘልኝ? አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ቫይረስ ነው፣ መድኃኒቱም ሠራ ያልኩት በራሱ ሊተወኝ በነበረ ቀን ይሆናል።

ለቴክኒኩ ነገር ብዙ አልልም። ቪዲዮዎቹ አይወርዱም፣ ኔትወርክ ካላችሁ ብቻ ነው የምታዩት። የድምፁ ጥራት ከሳምንት ሳምንት ይለያያል፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ አስተማሪዋ ከጉድጓድ ውስጥ የምታወራ ነው የሚመስለው። ጥያቄ የሚጠየቅበት ቦታ አለ፣ መልስ ግን በአራት ቀኑ ነው የሚመጣ። ሰርተፊኬቱ ወዲያው ይደርሳል። አንደኛና ሁለተኛ ዓመት ያላችሁ ዋርድ ሳትገቡ ብትወስዱት አራተኛው ሳምንት ብዙም አይገባችሁም፣ አታችመንት ስትጀምሩ ያዙት። የሠሩ ነርሶች ደግሞ ሁለተኛውን ሳምንት ዝለሉት።

የዶርም ጓደኛዬ ባለፈው ሳምንት ጉሮሮዋን ይዛ መጣች። "ያቺ ክኒን አለችሽ አይደል?" አለችኝ። ኮርሱን እንደጀመርኩ ሰሞን ለፋርማሲ መልሼአት ነበር፣ ስለዚህ መዋሸት አላስፈለገኝም። ተናደደችብኝ፣ "ነርስ ሆነሽ!" አለች። ስታስነጥስና አፍንጫዋን ስትጠርግ አየኋት፣ ትኩሳቷን ለካሁላት፣ የለም። ካልተሻለሽ ወይ ትኩሳት ከመጣ ክሊኒክ አብሬሽ እሄዳለሁ አልኳት። በአራተኛው ቀን ተሻላት፣ ያለ ምንም። እስካሁን ግን ክኒኗን የደበቅኩባት ነው የሚመስላት።

ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቻለሁ። አምስተኛዋን የወሰደችብኝ 17ኛዋ ጥያቄ ናት። ጽፌላቸዋለሁ፣ ምክንያቴንም ዘርዝሬ፣ የራሳቸውን ስላይድ ቁጥር ጠቅሼ። "ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን፣ እንመለከተዋለን" የሚል መልስ መጣ። ትናንት ገብቼ አየሁ፣ እዚያው ናት፣ መልሷም አሁንም "እውነት" ነው።